የደነዝ ሰንጢ መመሪያ አጭር ታሪክ

ይህን ታሪክ ለመጻፍ ከእኔ የተሻለ ሰው የለም። ይህን የምለው ለመመጻደቅ ሳይሆን ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ስለነበርኩ ነው። መሥሪያ ቤታችን ሰንጢን ከስለት ነፃ ያወጣበትን ያን ታላቅ ዘመን ከመጀመሪያው አጀንዳ እስከ መጨረሻው ፊርማ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በእጄም ጽፌዋለሁ። አንዳንድ ባልደረቦቼ «አንተ ሰውዬ፣ ይህን ነገር ባታነሳው ይሻልሃል» ብለው መክረውኛል። ምክራቸውን በአክብሮት ተቀብዬ ከመዝገቡ ጋር አያይዤዋለሁ።

የመሥሪያ ቤታችን ሥራ እንዲህ ነው። የተማሪ መጻሕፍት ከማተሚያ ቤት በትልልቅ እሽግ ታስረው ይመጡልናል። እኛ እሽጉን እንፈታለን፣ መጻሕፍቱን እንቆጥራለን፣ ለየትምህርት ቤቱ ከፋፍለን መልሰን እናስራለን። በታችኛው አዳራሽ ሠላሳ ሁለት ሠራተኞች በሠላሳ ሁለት ጠረጴዛ ላይ ይሠራሉ። ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ሰንጢ ተሰጥቷቸዋል፤ ታጥፎ ኪስ የሚገባ፣ እጀታው እንጨት የሆነ ተራ ሰንጢ። እሽጉ የታሰረበትን ሲባጎ የሚቆርጡት በእሱ ነው። እስከዚያ ዓመት ድረስ በአዳራሹ የሚደርሰው አደጋ በዓመት ከሁለት አይበልጥም ነበር፤ ከሁለቱም አንዱ አብዛኛውን ጊዜ ከወንበር የወደቀ ሰው ነው።

ከሠላሳ ሁለቱ አንዷ እትዬ ሞረድ ናቸው። እውነተኛ ስማቸው ይህ አይደለም። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ከሽርጣቸው ኪስ ሞረድ አውጥተው፣ ሁለት ጠብታ ውሃ ጠብ አድርገው፣ ሰንጢያቸውን ሸር ሸር ስለሚያደርጉ ስሙ ወጣላቸው። በእነዚህ ሃያ ሁለት ዓመታት አንድም ቀን ተቆርጠው አያውቁም። ይህ ነገር በኋላ ከባድ ክስ ሆኖባቸዋል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከእሳቸው አይደለም፤ ከሥራ አስኪያጃችን አውራ ጣት ነው።

ሥራ አስኪያጃችን አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ብርቱካን ሊልጡ ሰንጢያቸውን አወጡ። ሰንጢው ለረጅም ዘመን አገልግሎታቸው የተሸለሙት፣ እጀታው የሚያብረቀርቅ፣ ሞረድ የሚባል ነገር ነክቶት የማያውቅ ነበር። ብርቱካኑ ላይ አሳረፉት፤ አልገባ አላቸው። ጫን አሉት፤ አሁንም እምቢ አለ። በሙሉ ሥልጣናቸው ሲጫኑት ሰንጢው ልጣጩ ላይ ተንሸራተተና አውራ ጣታቸው ውስጥ ገባ።

ጩኸታቸው እስከ ታችኛው አዳራሽ ተሰማ። እኔና ሁለት ዘበኞች ደግፈን ክሊኒክ አደረስናቸው። ነርሷ ጣታቸውን አጥባ ማሰር ጀመረች።

«በጣም ስል ሰንጢ ነው መሰለኝ» አሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው።

ነርሷ ሰንጢውን አንስታ አፉን ዳሰስ አደረገችው። «ኧረ ይሄማ ድንዝ ያለ ነው። ስል ቢሆንማ ልጣጩን በቀላሉ ይቆርጥልዎት ነበር። ደነዝ ስለሆነ በጉልበት ተጫኑት፣ ሸርተት አለብዎት።»

«ደነዝ ያልሽው ማንን ነው?»

«ሰንጢውን።»

«ሰንጢው የማን ነው?»

«የእርስዎ።»

«ስለዚህ የእኔ ነገር ደነዝ ነው እያልሽ ነው።»

«እኔ የማወራው ስለ ሰንጢው ነው፣ ጌታዬ። ጣትዎን አያወዛውዙት።»

ነርሷ በዚያው ሳምንት «በሥራ ሰዓት፣ በኃላፊ ፊት፣ ደነዝ የሚለውን ቃል በመጠቀም» በሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ደብዳቤውን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። ያው ቃል ከሁለት ሳምንት በኋላ በቀይ ቀለም ተጽፎ በየግድግዳው እንደሚሰቀል በዚያን ጊዜ ማን አወቀ።

በሦስተኛው ቀን ኮሚቴ ተቋቋመ። ሙሉ ስሙ «ስለትን የሚከታተል፣ የሚቆጣጠርና ደረጃ በደረጃ የሚቀንስ ጊዜያዊ ኮሚቴ» ይባላል። ሰባት አባላት ነበሩት። ከአድልዎ የጸዱ እንዲሆኑ ሲባል ሰባቱም ሰንጢ ይዘው ከማያውቁ ክፍሎች ተመረጡ። ሰብሳቢው የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊው ነበሩ፤ ደብዳቤ ሲመጣላቸው ፖስታውን እንኳ የሚቀድላቸው ሌላ ሰው ነው። ሰብሳቢው የመጀመሪያውን ስብሰባ ከፍተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስል ሰንጢ ይቆርጣል ወይስ አይቆርጥም?»

«ይቆርጣል» አልን።

«መቆረጥ አደጋ ነው ወይስ አይደለም?»

«አደጋ ነው።»

«ደነዝ ሰንጢስ ይቆርጣል?»

«አይቆርጥም።»

«ጨርሻለሁ» አሉና ተቀመጡ።

በሕይወቴ እንዲህ ጥርት ያለ ክርክር ሰምቼ አላውቅም። ከመዝገብ ቤት የተወከለው አባል እጁን አውጥቶ «ታዲያ ካልቆረጠ ሲባጎውን በምን...» ብሎ ሲጀምር ሰብሳቢው «ይህ ከአጀንዳ ውጭ ነው» አሉት። በእርግጥም ውጭ ነበር፤ ሲባጎው ያለው በታችኛው አዳራሽ ነው። መመሪያው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

መመሪያው «ደነዝ ሰንጢ፣ አስተማማኝ ሰንጢ!» የሚል መሪ ቃል ነበረው። በአንቀጽ ሁለት መሠረት ማንኛውም ሰንጢ በወረቀት ላይ ይፈተናል። ወረቀቱን ከቆረጠ ወድቋል፤ ካልቆረጠ አልፏል፣ እጀታው ላይ ማህተም ይደረግበታል። የወደቁት የሚደነዙበት ክፍልም ተዘጋጀ። ውስጡ ሻካራ የሲሚንቶ ብሎኬት ተደርድሮበታል፤ ሰንጢው አፉ እስኪጠፋ እሱ ላይ ይፈገፈጋል። ታፔላ ጸሐፊው «ማደነዣ» የሚባል ቃል ሰምቼ አላውቅም ብሎ «ማደንዘዣ ክፍል» ሲል ጻፈበት። በመጀመሪያው ቀን ጉንጩ ያበጠ አንድ መንገደኛ ታፔላውን አይቶ ገባና ከሠራተኞቹ ኋላ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ አፉን በሰፊው ከፈተ። ብሎኬቱን ሲያይ ጥርሱ ተሻለው።

በምረቃው ዕለት ሥራ አስኪያጃችን የታሰረ አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ አንስተው ንግግር አደረጉ። «ይህ መሥሪያ ቤት ከዛሬ ጀምሮ ከላይ እስከ ታች ደነዝ ነው!» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከሁሉም አብልጣ ያጨበጨበችው ነርሷ ነበረች።

በማግስቱ ሥራ ተጀመረ።

ከእትዬ ሞረድ ጎን ባለው ጠረጴዛ የሚሠራው ትከሻው ሰፊ ጎልማሳ ነው። ጡንቻ እንለዋለን። ማህተም የተደረገበትን ሰንጢ ሲባጎው ላይ አሳርፎ ወደፊት ወደኋላ አለው። ሲባጎው ንክችም አላለ። አንድ ጉልበቱን እሽጉ ላይ ጭኖ እንደገና ገዘገዘ።

«ጡንቻ፣ አትግፋው ልጄ» አሉት እትዬ ሞረድ ሥራቸውን ሳያቆሙ። «በጉልበት የሄደ ነገር የት እንደሚያርፍ አታውቅም።»

«ምን ላድርግ እትዬ? ሲባጎው እየሳቀብኝ እኮ ነው!»

በሁለት እጁ ሲገፋው ሰንጢው ከሲባጎው ላይ ዘለለና ጉልበቱ ላይ አረፈ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሌላ ጠረጴዛ አንዱ ሰንጢ ከመጠን በላይ ሲጫኑት ተመልሶ ታጠፈና ባለቤቱን ሦስት ጣት ነከሰው። በመጀመሪያው ወር አሥራ አራት ሰው ቆሰለ።

ነርሷ ለኮሚቴው ቀርባ አስረዳች። «ስል የቆረጠው ቶሎ ይገጥማል። ይሄ ግን የተቆረጠ አይደለም፣ የተቦጨቀ ነው። አንዱ ቁስል ሁለት ሳምንት ይፈጅብኛል።»

ኮሚቴው አስተያየቷን አመስግኖ ሰንጢዎቹን መረመረ። የአደጋው መንስኤ «በሰንጢዎቹ ውስጥ ተደብቆ የቀረ ቅሪት ስለት» መሆኑ ተደረሰበት። ሰንጢዎቹ ሁሉ ተሰብስበው እንደገና ብሎኬት ላይ ተፈገፈጉ። በሁለተኛው ወር የቆሰለው ሃያ አንድ ሆነ። መመሪያው መቀስን፣ ምላጭንና የእርሳስ መቅረጫን እንዲጨምር ተደረገ። በሦስተኛው ወር የቁስለኛው ቁጥር ወደ አሥራ ሁለት ወረደ። ኮሚቴው ቆሞ አጨበጨበ። ዘጠኝ ሰው የሕመም ፈቃድ ላይ እንደነበረና የቀረውም መሥራት እንደተወ የሚገልጸው ሠንጠረዥ በገጹ ጀርባ ላይ ስለታተመ ያነበበው የለም።

ሠራተኛው ቦዝኖ አልነበረም። ጥቂቶች ሲባጎውን በጥርሳቸው ይዘው ይጎትቱ ጀመር። ኮሚቴው ጥርስ በአንቀጽ አራት ትርጓሜ መሠረት ስለት ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ሁለት ሙሉ ስብሰባ ተወያይቶ ለተጨማሪ ጥናት አሳደረው። አንዲት ሴት በክብሪት ሞክራ የሦስተኛ ክፍል ሳይንስ መጻሕፍትን ጠርዝ አሳረረች። እሽጎቹ መስኮቱን ሸፍነው እስከ ጣሪያ ተደረደሩ፤ በቀትር መብራት እያበራን መሥራት ጀመርን። ትምህርት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ቀረው። ርዕሳነ መምህራን ስልክ ይደውላሉ።

«መጻሕፍቱ የት ደረሱ?»

«በፍጹም ደህንነት ላይ ናቸው» ብዬ እመልሳለሁ። እውነቴን ነበር፤ ማንም ሊነካቸው አልቻለም።

በዚህ መሐል የመዝገብ ቤቱ አባል የሦስቱን ወር ዝርዝር ሲያገላብጥ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አገኘ። ሌላው ጠረጴዛ በቀን ሦስት እሽግ ቢፈታ ትልቅ ነገር ነው። አንደኛው ጠረጴዛ ብቻ በቀን ሃምሳ ይፈታል። የዚያ ጠረጴዛ ባለቤት በቁስለኞች መዝገብ ላይ አንድ ጊዜም ስማቸው የለም። እትዬ ሞረድ በአስቸኳይ ተጠሩ። ሽርጣቸውን እንደታጠቁ መጥተው በሩ አጠገብ ቆሙ።

«እትዬ» አሉ ሰብሳቢው፣ «ባለፉት ሦስት ወራት ስንት ጊዜ ቆሰሉ?»

«አንድም ጊዜ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያም በፊት።»

«ሠላሳ አንድ ባልደረቦችዎ በነፍስ ወከፍ አንድ ጊዜ ተኩል ሲቆስሉ እርስዎ ዜሮ። ይህን እንዴት ያስረዱናል?»

«ልቁሰል እንዴ?»

«እኛ ይቁሰሉ አላልንም። ግን ከሠራተኛው ተለይቶ መገኘት...»

«ሰንጢዬ ስል ነው» አሉ እትዬ ሞረድ። «ማህተም የተመታበት አለኝ፤ እሱን ጠረጴዛው እንዳይወዛወዝ እግሩ ሥር አድርጌዋለሁ። የምሠራው በድሮው ነው።»

ከሽርጣቸው ኪስ አውጥተው ገለጡት። ከፊቴ የነበረውን ቃለ ጉባኤ በጣታቸው ጫፍ አንስተው ሰንጢውን አሳለፉበት። ድምፅ እንኳ አልተሰማም፤ የወረቀቱ ግማሽ ዝም ብሎ ጠረጴዛው ላይ ወረደ።

«አያችሁት? ስል ሰንጢ ወደወሰድኩት ነው የሚሄደው። ስል መሆኑን ስለማውቅ ደግሞ እፈራዋለሁ፤ ጣቴን እሰበስባለሁ፣ ከራሴ አርቄ እቆርጣለሁ። ደነዙ ግን በግፊያ ነው የሚሄደው። የት እንደሚሄድ ራሱም አያውቅ፣ የሚገፋውም አያውቅ። ሰውን አይቆርጥም ብላችሁ አዘናጋችሁት። ሲባጎ አይቆርጥም እንጂ ሥጋማ መች አቃተው!»

ሥራ አስኪያጃችን በታዛቢነት ከኋላ ተቀምጠው ነበር። የት እንደሚሄድ ራሱም አያውቅ ሲባል ሁላችንም ሳናስበው ዞር ብለን አየናቸው። ይህ ስህተት ነበር።

ውሳኔው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። አንደኛ፣ ሰንጢው ተወርሶ በሥራ አስኪያጁ መሳቢያ እንዲቆለፍበት። ሁለተኛ፣ እትዬ ሞረድ ከአዳራሹ ተነስተው ክሊኒክ ውስጥ ፋሻ እንዲጠቀልሉ፤ የስንብታቸው ጉዳይ በሚቀጥለው ሳምንት እንዲታይ። ሦስተኛ፣ ለሁለት የተከፈለው ቃለ ጉባኤ በማጣበቂያ እንዲገጠም። ሰባቱ አባላት ፈረሙ። ከሥር እኔ ፈረምኩ።

ስወጣ እትዬ ሞረድ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሽርጣቸውን እያጠፉ ነበር።

«አንተም ፈረምክ፣ ልጄ?»

«እኔ ጸሐፊ ብቻ ነኝ፣ እትዬ። ድምፅ የለኝም።»

«ፊርማ ግን አለህ።»

ሽርጣቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ ክሊኒኩ ሄዱ። የዚያን ዕለት ምሳዬ አልበላ አለኝ። ይህን በቃለ ጉባኤው ላይ አላሰፈርኩትም።

በሚቀጥለው ሳምንት ከበላይ ጽሕፈት ቤት ሦስት እንግዶች መጡ። «መቶ በመቶ ደነዝ ሆነናል» የሚለው ሪፖርታችን ደርሷቸው ተደንቀው ነው። መሪያቸው ባለ መነጽር ወይዘሮ ነበሩ፤ የሚባለውን ሁሉ በትንሽ ደብተር ይጽፋሉ። ሥራ አስኪያጃችን አዲስ ክራባት አስረው ተቀበሏቸውና በታችኛው አዳራሽ አዞሯቸው። ሕመም ፈቃድ ላይ ያልሆኑት ሃያ ሁለት ሠራተኞች ማህተም ያለበትን ሰንጢ ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመዋል።

«እነዚህ እሽጎች ለምን አልተፈቱም?» አሉ ወይዘሮዋ ጣሪያውን እያዩ።

«ጥድፊያ የአደጋ እናት ስለሆነች ነው፣ ክብርት» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «እስኪ ደግሞ የማሰሪያ ማሽናችንን ላሳይዎ።»

የማሰሪያው ማሽን የተቆለሉ መጻሕፍትን በላስቲክ ገመድ ዙሪያውን ጠምጥሞ ጠበቅ የሚያደርግ ነው። ሥራ አስኪያጃችን ስለ ማሽኑ ሲያብራሩ ጎንበስ አሉ። ክራባታቸው መጻሕፍቱ ላይ ተዘረጋ። ማሽኑም ሥራውን ሠራ፤ ገመዱን ወረወረ፣ ክራባቱን ከመጻሕፍቱ ጋር ጠፈረ፣ ጥርቅም አደረገና ቀጥ አለ።

«ይህ...» አሉ ሥራ አስኪያጁ። ሁለተኛ ቃል አልወጣቸውም።

ጡንቻ ሮጦ ማሽኑን አጠፋ። ማሽኑ ጠፋ፤ ገመዱ ግን አልላላም። የአንገታቸው ቋጠሮ ጠብቆ ጥፍር አያስገባም።

«ቁረጡት!» ብለው ጮኹ ሰብሳቢው።

ሃያ ሁለቱም ተረባረቡ። አንዱ ክራባቱን፣ አንዱ ገመዱን ይገዘግዛል።

«ቁረጡት አላልኩም እንዴ!»

«እየቆረጥን ነው ጌታዬ!»

«ታዲያ ለምን አይቆረጥም?»

«ማህተም ያለበት ነዋ!» አለ ጡንቻ ላቡ እየተንጠፈጠፈ።

ነርሷ መቀሷን ይዛ ደረሰች። መቀሱ በሁለተኛው ወር ደንዟል፤ ክራባቱን አጥፎ ዋጠው እንጂ አልቆረጠውም። የሥራ አስኪያጃችን ፊት ከቀይ ወደ ወይን ጠጅ ተለወጠ። ሰብሳቢው በጆሮዬ «ልዩ ፈቃድ ለመስጠት ምልአተ ጉባኤ አለን?» አሉኝ። ቆጠርኩ። አምስት ነበርን። ምልአተ ጉባኤ ነበረን። አጀንዳ ግን አልነበረንም።

እንዲህ ቆጥሬ ስጨርስ የሥራ አስኪያጃችንን ዓይን አየሁት። ሰው ነው ለካ። ደብተሬን ወረወርኩና ተንበረከክሁ።

«ጌታዬ፣ የመሳቢያው ቁልፍ የት ነው?»

በጣታቸው ወደ ወገባቸው አመለከቱ። ባገለገልኳቸው ዘመን ሁሉ ምንም የማያሻማ ትእዛዝ የሰጡኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቁልፉን ከቀበቷቸው ነጥቄ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁ፣ መሳቢያውን ከፈትኩ፣ ሰንጢውን ይዤ ስወርድ ክሊኒኩ በር ላይ «እትዬ! እትዬ ሞረድ!» ብዬ ጮኽኩ።

ፋሻ በእጃቸው እንደያዙ ወጡ። ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ ሰንጢውን ከእጄ ተቀብለው ሕዝቡን በክርናቸው እየገፉ ገቡ።

«ወዲያ በሉ። ጌታዬ፣ አይንቀጥቀጡ፤ ይሄኛው ይቆርጣል።»

የሰንጢውን ጀርባ ወደ ሥራ አስኪያጃችን አንገት፣ ስለቱን ወደ ውጭ አድርገው በክራባቱ ሥር አሾለኩትና አንድ ጊዜ ብቻ ሳብ አደረጉት። ሥራ አስኪያጃችን ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። አንገታቸው ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። ረጅም ጊዜ ሲተነፍሱ ሰማናቸው።

ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አስተካክለው የተቆረጠውን ክራባት አነሱ። ጠርዙ እንደ መስመር የቀና ነው። ደብተራቸውን ገለጡ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አሉ። «ይህ ሰንጢ ስል ነው ወይስ ደነዝ?»

በአዳራሹ ውስጥ የሚተነፍስ ሥራ አስኪያጃችን ብቻ ነበሩ። ስል ነው ቢሉ፣ መመሪያው አለቀለት፤ ሪፖርቱም፣ ምናልባት ወንበሩም። እኔ በልቤ «አሁንስ እውነቱን ይናገራሉ፤ ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰው ምን ይፈራል» አልኩ። ሥራ አስኪያጆችን አላውቃቸውም ነበር ማለት ነው።

«ደነዝ ነው» አሉ።

«ደነዝ ሆኖ ነው እንዲህ የቆረጠው?»

«የእኛ ደነዝ እንዲህ ነው፣ ክብርት።»

«ሃያ ሁለቱስ ለምን አልቆረጡም?»

ሥራ አስኪያጃችን ዙሪያቸውን ቃኙ። «እነሱ ገና ናቸው» አሉ ቀስ ብለው። «ገና በደንብ አልደነዙም። በሂደት ላይ ናቸው።»

ሰብሳቢው ፈጥነው «የቅሪት ስለት ችግር አለባቸው» ብለው ጨመሩ። ወይዘሮዋ ሁሉንም ጻፉ። ከዚያ ወደ እትዬ ሞረድ ዞሩ።

«ይህን ሰንጢ ያደነዘው ማን ነው?»

እትዬ ሞረድ መጀመሪያ ሥራ አስኪያጁን አዩ፤ ከዚያ ጉልበቱ የታሰረውን ጡንቻን፤ ከዚያ እስከ ጣሪያ የተቆለለውን መጽሐፍ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«በምን ዘዴ?»

«በሞረድ። ጠዋት ጠዋት፣ ሁለት ጠብታ ውሃ ጠብ አድርጌ።»

«የሌሎቹስ ሰንጢ እስከዚህ ደረጃ ሊደነዝ ይችላል?»

«ብሎኬቱን ካወጣችሁልኝ በሦስት ቀን ድንዝ አደርግላችኋለሁ።»

ወዲያው ትእዛዝ ወረደ። ኮሚቴው በዚያው ከሰዓት ተሰብስቦ የተሻሻለ የደነዝነት መስፈርት አጸደቀ። በአዲሱ አንቀጽ ሁለት መሠረት ወረቀት የቆረጠ ሰንጢ አልፏል፤ ያልቆረጠ ወድቋል። መሪ ቃሉ አልተነካም። እትዬ ሞረድ የማደንዘዣ ክፍል ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። የሹመት ደብዳቤውን ይዤላቸው ስሄድ ዝቅ ብዬ እጅ ነሳሁ።

«እትዬ፣ ያኔ መፈረም አልነበረብኝም።»

«የአሁኑንስ ፈርመሃል?»

«አዎ።»

«በል እንግዲያው ያችን ባልዲ ውሃ ሙላልኝ።»

ሞላሁላቸው።

በሦስተኛው ቀን ሠላሳ ሁለቱም ሰንጢ ፀጉር ይላጭ ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ መስኮቶቹ ታዩ። መጻሕፍቱ ትምህርት ከተከፈተ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ደረሱ፤ የሳይንሱ ጠርዙ አርሮ፣ ሌላው በሙሉ ጤንነት። በሚቀጥሉት ሁለት ወራት በአዳራሹ አንድም ሰው አልቆሰለም። ሪፖርቱ ይህን «ደነዝነት በተሟላ ሁኔታ ተግባራዊ በመሆኑ የተገኘ ውጤት» ሲል ገለጸው። ሥራ አስኪያጃችን ተሸለሙ፤ በየመሥሪያ ቤቱ እየተጋበዙም ስለ ደነዝ ሰንጢ ጥቅም ንግግር ያደርጉ ጀመር። ንግግራቸው ውብ ነበር። ሰንጢውን ግን ይዘው አይሄዱም፤ ለእንግዳ ሰው ስለታም ነገር ማሳየት በመመሪያው ክልክል ነው።

ንግግሩን የሰሙ አሥራ ሁለት መሥሪያ ቤቶች ሰንጢዎቻቸውን በቅንነት አደነዙ። ከዚያ ደብዳቤ ይጎርፍ ጀመር። «በላካችሁልን መሪ ቃል መሠረት ደንዘናል፤ ሠላሳ ስምንት ሰው ቆስሎብናል፤ ጉድለታችን ምን እንደሆነ ይገለጽልን» ይላል አንዱ። ሥራ አስኪያጃችን አዝነው «ደነዝነትን እንደ እኛ አልተረዱትም» አሉና ከየመሥሪያ ቤቱ አንዳንድ ባለሙያ ለሥልጠና እንዲላክ ጠየቁ።

አሥራ ሁለቱ ባለሙያዎች ሰኞ ጠዋት መጡ። ሁሉም እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። እትዬ ሞረድ ለእያንዳንዳቸው ሞረድና ሰንጢ ሰጥተው በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጧቸውና እየዞሩ አያያዝ አሳዩአቸው። ክፍሉ በሸር ሸር ድምፅ ተሞላ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ የሥልጠናውን ሂደት እመዘግባለሁ።

መነጽር ያደረገ አንድ ወፍራም ባለሙያ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ቆም አለ። ሰንጢውን ወደ ብርሃኑ አንስቶ አየው። ከፋሻው ጫፍ ላይ አንዲት ክር መዝዞ አስነካት፤ ክሯ ተበጠሰች። እንደገና አየው።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄ ነገር እኮ መሳል ነው።»

ሌሎቹ አሥራ አንዱ ሥራቸውን አቁመው ቀና አሉ። እኔም ብዕሬን አነሳሁ። በኮሪደሩ ላይ ሥራ አስኪያጃችን አዲስ እንግዶችን እያስጎበኙ ሲመጡ ይሰማል፤ «ደነዝነት በአንድ ቀን የሚመጣ ነገር አይደለም፣ ክቡራን፤ እኛም ብዙ ደክመንበታል» ይላሉ።

እትዬ ሞረድ በሩን ገርበብ አደረጉና ተመልሰው ሁለት ጠብታ ውሃ የሰውየው ሞረድ ላይ ጠብ አደረጉለት።

«እንዳይሰሙህ» አሉት። «ዝም ብለህ አደንዝ።»